ስፓኒሽ ስናገር ኪችኑ በሙሉ ይስቅብኛል፣ ምኑን ነው የማበላሸው?

ሰላም ወገን። ከ8 ዓመቴ ጀምሮ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አማርኛ ቤት ውስጥ እናወራለን፣ ጭንቅላቴ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚያስበው። የምሰራበት ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ አብዛኞቹ የኤልሳልቫዶር ልጆች ስለሆኑ አፕ አውርጄ ስፓኒሽ ጀመርኩ። ትናንት ኦቨኑ ጋ ቆሜ ሲሞቀኝ "ኤስቶይ ካሊየንቴ" ብዬ ብናገር ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ምን ብዬ ነው?

መልስ 1
ሃሃሃ ወንድሜ፣ ወሲብ አምሮኛል ነው ያልካቸው 😂 ስፓኒሽ ላይ ሙቀት "አለኝ" ነው የሚባለው፣ ቴንጎ ካሎር። ረሃብም ቴንጎ አምብሬ፣ ዕድሜም እንደዛው፣ 20 ዓመት "አለኝ"። እንግሊዝኛው "ነኝ" ስለሚል ሁሉም እዛ ጋ ይወድቃል። እኔ ሰሃን ሰብሬ አፈርኩ ለማለት "ኤምባራሳዳ" ብዬ ማናጀሬ እየሮጠ ወንበር አመጣልኝ፣ ለካ እርጉዝ ነኝ ብያለሁ

መልስ 2
ዋናው ችግርህ በእንግሊዝኛ በኩል መዞርህ ነው። "ሜ ጉስታ ኤል ካፌ" ን እኔ እወዳለሁ እያልክ አትፈልገው፣ ቡና ይጥመኛል በለው፣ የሚጥመው ቡናው ነው። ብዙ ነገር ከሆነ ሜ ጉስታን፣ ይጥሙኛል። ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ ራሴን ያመኛል ነው ቁርጥ። በየዐረፍተ ነገሩ "ዮ" (እኔ) አትበል፣ እኛም እኮ እኔ በላሁ እኔ ሄድኩ አንልም። "ፔሮ" ላይ ሮ ሲላላ "ግን" ማለት ነው፣ ሲጠብቅ "ውሻ"፣ በሬ ስትልና መብራት በራ ስትል ያለው ልዩነት ነው፣ ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ነው የሚያለቅሱት

መልስ 3
ባካችሁ ሁሉንም በአማርኛ አትወጡትም። ሴር እና ኤስታር ለኛም መከራ ነው፣ ሁለቱንም "ነው" ነዋ የምንለው። ኤስ አቡሪዶ ካልክ ሰውዬው አሰልቺ ነው፣ ኤስታ አቡሪዶ ካልክ ሰልችቶታል። አንዱ ቋሚ አንዱ ጊዜያዊ የሚሉትን አትመን፣ የሞተ ሰው ኤስታ ሙዌርቶ ነው የሚባለው፣ ሞት ጊዜያዊ ነው እንዴ? ደሞ ሳልቫዶሮች እርስ በርስ አንተ ለማለት "ቮስ" ነው የሚባባሉት፣ አፑ "ቱ" ብቻ ካስተማረህ ግራ እንዳይገባህ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ኡስቴድ በል፣ እንደኛ እርስዎ

ጠያቂው
ተባረኩ። ዛሬ ቴንጎ ካሎር ብላቸው አንዱ ፋኑን ወደኔ አዞረልኝ። ስሜ ግን ካሊየንቴ ሆኖ ቀረ 😭