የእንግዳ ማረፊያችንን ድረ ገጽ ለማን እናሠራ? ሁለት ዋጋ ቀርቦልናል

ጠያቂ፦ የነደባ ልጅ (ሐረር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ የአያቴን ቤት አድሰን እንግዳ እናሳድራለን። ያለን አራት ክፍል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የምናውቀው ልጅ በ12,000 ብር ድረ ገጽ ሠርቶልን ነበር። አንድ ዓመት ያህል በደንብ አገለገለን፤ ከዚያ ልጁ ስልኩን ቀየረ፣ ድረ ገጹም ጠፋ። መጥፋቱ ባልከፋ፤ አሁን አድራሻውን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የውጭ አገር የቁማር ማስታወቂያ ነው። አድራሻው ደግሞ ባሳተምናቸው ካርዶች ሁሉ ላይ አለ። ባለፈው ወር አንዲት እንግዳ ነደባው (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ተቀምጣ ቡናዋን እየጠጣች «ቤቱን በቁማር ተበላችሁ እንዴ?» ብላ ስትስቅ፣ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

አሁን እንደገና ልናሠራ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት 95,000 ብር ብሎ ዘጠኝ ገጽ ሰነድ ልኮልናል፤ ግማሹ አይገባኝም፤ «በጉግል አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚለው ግን ገብቶኛል። ሌላው የድሬዳዋ ወጣት ነው፤ 28,000 ብር፣ «አምስት ገጽ፣ በሦስት ሳምንት» ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ቅድመ ክፍያ ሁለቱም ይፈልጋሉ። ምን ጠይቄ ልወስን? ያለፈውስ አድራሻ ይመለሳል?

የቀፊራ ነጋዴ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተይውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ አድራሻው በማን ስም ነው የሚመዘገበው? «አታስቢ፣ እኛ እናስተዳድረዋለን» ካሉሽ ተነሺና ውጪ። ሱቅ ስትከራዪ ውሉ ላይ የደላላው ስም ቢጻፍ ትፈርሚያለሽ?

እኔ ቅመማ ቅመምና ቡና እነግዳለሁ። የኔም አድራሻ በሠሪው ስም ነበር። አንድ ቀን ድረ ገጹ ተዘጋ፤ «ይዘጋ፣ ማን ያየዋል» ብዬ ተውኩት። የማላውቀው ነገር ኢሜይሌም በዚያው አድራሻ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ጅዳ ያለው ደንበኛዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጽፍልኝ ደብዳቤው ተመልሶበታል። በመጨረሻ ለወንድሜ ልጅ ደውሎ «አጎትህ ከንግድ ወጡ?» አለው። ዕቃውን ግን ከሌላ ሰው ገዝቶ ነበር። ድረ ገጽ ጌጥ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ ይህንን ንገሪው።

ድረ ገጽ ሠሪ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ሥራው እንጀራዬ ስለሆነ ከውስጥ ልንገርዎት። ያ ልጅ ሌባ ላይሆን ይችላል። ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። የዶት ኮም አድራሻ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይከፈልበታል። ደንበኛው በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ሠሪው በራሱ ወይም በጓደኛው ካርድ ይከፍላል፤ አካውንቱንም በራሱ ኢሜይል ይከፍታል፤ በዚህ መንገድ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደንበኛውን አስቀምጦ ማስከፈት ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ዓመቱ ሲሞላ የማደሻው ማሳሰቢያ የሚሄደው ለሠሪው ነው። እሱ ደግሞ ወይ ሥራ ቀይሯል፣ ወይ አገር ለቋል።

ጊዜው ያለፈበት የዶት ኮም አድራሻ በዚያው ቀን ለሌላ ሰው አይለቀቅም። ብዙውን ጊዜ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለው፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል። ይህችን ቀን የሚጠብቁ ነጋዴዎች አሉ። የእርስዎን አድራሻ የወሰዱት ጉግል አስቀድሞ ስለሚያውቀውና ከሌሎች ገጾች ወደ እሱ የሚወስዱ ማያያዣዎች ስላሉ ነው፤ ሐረር የት እንዳለች እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ እሱን ለማስመለስ ገንዘብ አያባክኑ። አዲስ አድራሻ ይያዙና በጉግል ካርታ ላይ፣ በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ፣ በካርዱም ላይ ይለውጡት። ዶት ኢቲ (የኢትዮጵያ መለያ ያለው አድራሻ) ከፈለጉ የሚመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የዶላር ጣጣ የለውም።

የሚከፍለው ማንም ይሁን ማን፣ የባለቤትነት ስሙ የእርስዎ ይሁን፣ ኢሜይሉ የእርስዎ፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበትም ስልክ የእርስዎ። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ያ ኢሜይል በዚያው በአዲሱ አድራሻ የተከፈተ መሆን የለበትም። አድራሻው የተቋረጠ ዕለት ኢሜይሉም ይቋረጣል፤ ለማደስ የሚያስፈልገው መልእክት አይደርስዎትም። ቁልፍን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ሳጥኑን እንደመቆለፍ ነው። ተራ ጂሜይል ይበቃል።

«በጉግል አንደኛ» ስለሚለው፦ ጉግል ራሱ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም ይላል። የቤታችሁን ስም ጽፎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እናንተን ቢያገኝ ምንም አይደንቅም፤ እሱን ማንም ያደርገዋል። «ሐረር ውስጥ ማረፊያ» ብሎ የሚፈልገውን መሳብ ግን የወራት ሥራ ነው። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ በጽሑፍ ያስመልሷቸው።

ወጣቱንም ልተወው አልችልም። «አምስት ገጽ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጽሑፉን ማን ይጽፋል? ስንት ቋንቋ? ስንት ጊዜ እርማት ይቀበላል? ሥራውን ሲያስረክብ የሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ) የይለፍ ቃልና የድረ ገጹን ሙሉ ምትኬ ቅጂ ይሰጣል? አብዛኛው ሠሪ፣ እኔም ጭምር፣ የምንሠራው በዎርድፕሬስ፣ ማለትም በድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ዎርድፕሬስ ነፃ ነው። የሚከፍሉት ለሰው ጊዜ ነው። ነገር ግን በላዩ ላይ የሚገዙ ንድፎችና ተጨማሪዎች ዓመታዊ ፈቃድ ሊኖራቸው ይችላል፤ እነሱም በማን ስም እንደተገዙ ይጠይቁ። ከርክክብ በኋላም ዎርድፕሬሱን በየጊዜው የሚያድስ ሰው ያስፈልጋል፤ ካልታደሰ ሰርጎ ገቦች ይጫወቱበታል።

ደንበኛንም ትንሽ ልውቀስ። ከዘገዩት ሥራዎቼ አብዛኞቹ የዘገዩት ጽሑፍና ፎቶ ባለመምጣቱ ነው። «ነገ እልካለሁ» የምትለው ነገር ሦስት ወር ትፈጃለች፤ በኋላ «ልጁ ሰነፍ ነው» ይባላል።

ሁሉ በስልክ (ድሬዳዋ)

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለአራት ክፍል? ፌስቡክና ቴሌግራም በነፃ አለ። እኔ ከዚራ ላይ ልብስ እሸጣለሁ፤ ድረ ገጽ ኖሮኝ አያውቅም፤ ሰው ግን ይመጣል።

አስጎብኚ (ሐረር)

ወንድሜ፣ ልብስ ገዢህ ድሬዳዋ ነው ያለው፤ የእሷ እንግዳ ሚላን ውስጥ ሆኖ ነው ቤቱን የሚመርጠው። ከአውሮፕላን የሚወርደው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ወደ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አለው፤ መኪናው ስንት እንደሆነ፣ ማታ መድረስ ይቻል እንደሆነ፣ በጁገል ጠባብ መንገድ ሻንጣ ማን እንደሚሸከምለት ሳያውቅ አይነሳም። የፌስቡክ ጽሑፍ ሲሰነብት ወደ ታች ይወርዳል፤ ድረ ገጽ ላይ ግን መልሱ ባለበት ይጠብቀዋል። ነደባ ምን እንደሆነ፣ ማታ ጅብ ለማየት ከየትኛው በር እንደሚወጣ ጻፉለት። ጁገል በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ መመዝገቡን ግን አታብዙት፤ እሱን አንብቦ ነው የመጣው።

እህታችን፣ አንድ ምክር፦ የቦታ መያዣው ቅጽ ላይ ሰዓትና ቀን የሚጻፍበትን ቦታ ራስሽ ሞክሪው። አንድ ጊዜ እንግዳዬ «2 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ በማለዳ ተነስቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው የመጣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ እሱ እንኳን በሰዓቱ ነበር። ቅጹ «ከቀትር በፊት» እና «ከቀትር በኋላ» ብሎ ማስመረጥ አለበት፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ይናገር።

ሒሳብ ሠራተኛ (ሐረር)

ዋጋዎቹ ቫትን ይጨምራሉ? የድርጅቱ 95,000 ቫት ሳይጨምር ከሆነ 15 በመቶው 14,250 ብር ነው፤ በድምሩ 109,250 ይሆንብዎታል። ወጣቱ ንግድ ፈቃድ አለው? ደረሰኝ ካልሰጠ 28,000 ብሩን በወጪነት ለማስያዝ ይቸገራሉ። ቅድመ ክፍያውን ከሦስት አንድ እጅ አያሳልፉት። ሁለተኛውን ንድፉን በስልክዎ ከፍተው ካዩ በኋላ፣ የመጨረሻውን የይለፍ ቃሎቹን ተረክበው፣ ገብተው፣ ከለወጧቸው በኋላ ይክፈሉ። ይህን ቅደም ተከተል ውሉ ላይ ያስፍሩ። ጽሑፉም ፎቶውም ንድፉም የእናንተ ንብረት መሆኑን አንድ መስመር ይጨምሩ።

ሌላም አለ። አንዳንድ ማረፊያዎች በድረ ገጻቸው በኩል የፓስፖርት ፎቶ ያስልካሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ስም፣ ስልክና የመምጫ ቀን ይበቃል፤ ፓስፖርቱን ሲመጣ ያዩታል።

የነደባ ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ። የቀፊራው ጋሼ፣ የእርስዎን ጥያቄ ቃል በቃል ለሁለቱም ላክሁት። ድርጅቱ በማግስቱ «አድራሻው በድርጅታችን አካውንት ይያዛል፤ ሲፈልጉ እናስተላልፋለን» ብሎ መለሰ። ወጣቱ ሁለት ቀን ዝም አለ፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ደውሎ «በእርስዎ ስም ማድረግ ይቻላል፣ ግን በእኔ ካርድ ከፍዬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የጓደኛዬን ነው የምጠቀመው» አለኝ። እውነቱን በመናገሩ ወደድኩት። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ልክፈል ብሏል። የወጣቱ ንግድ ፈቃድ ግን ገና በሒደት ላይ ነው አለኝ፤ እሱ ነው አሁን ያሳሰበኝ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የድሮው ብሮሹራችን የአማርኛ ጽሑፍ ከማተሚያ ቤቱ በፋይል አለን፤ ወደ ድረ ገጹ ስንገለብጠው ግን የላቲን ፊደልና ነጠብጣብ ብቻ ሆነ።

ድረ ገጽ ሠሪ (ሳቢያን)

ድርጅቱን በዚህ ብቻ አይጣሉት። «ሲፈልጉ እናስተላልፋለን» የሚለውን «ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስም» ብለው ውሉን እንዲያርሙት ይጠይቁ፤ ካረሙት ቁም ነገረኞች ናቸው። አድራሻ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ (አድራሻ የሚመዘግብ ድርጅት) ለማዛወር ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ማስተካከል ይቀላል። ወጣቱ ፈቃዱን እስኪያወጣ አንድ ወር ብትጠብቁትም ብዙ አትጎዱም። ወንድምዎ ይክፈሉ፣ ነገር ግን የሚያድሱበትን ቀን እርስዎም የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉት።

የብሮሹሩ ጽሑፍ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) በፊት በነበረው ዓይነት ፊደል ሳይሆን አይቀርም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ማተሚያ ቤቶች ግን የድሮውን ብዙ ዓመት ተጠቅመውበታል። ሁለት ገጽ ከሆነ መቀየሪያ ፕሮግራም ከመፈለግ እንደገና መተየብ ይፈጥናል።

ፎቶስ አላችሁ? በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ አራትና አምስት ሜጋባይት ይመዝናል። አሥሩን እንዳለ ከጫኑት እንግዳው ደካማ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሆኖ ገጹ እስኪከፈት ይሰለቻል። ሠሪው እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች እንዲያደርገው ይንገሩት።

የነደባ ልጅ (ጠያቂ)

ሁለት ገጽ ነው፤ የእህቴ ልጅ ዛሬ ማታ ትተይበዋለች። ፎቶ ግን የለንም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ሲነሱ ሁልጊዜ ይጨልማሉ፤ መብራት ስናበራ ደግሞ የነደባው ቀይ ቀለም ብርቱካን ይመስላል።

አስጎብኚ (ሐረር)

መብራቱን አጥፊው። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ የግቢውን በር ወለል አድርገሽ ክፈቺ፤ ብርሃኑ ከነጩ የግቢ ግድግዳ ነጥሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ እንግዳ ይዤ በዚያ ስለማልፍ ካሜራዬን ይዤ ብቅ እላለሁ፤ ቡናው ብቻ ይድረስ።