ፋን ዠንዶንግ የሌለበትን የዓለም ደረጃ እንዴት ልረዳው?

ጠያቂ፦ የታናሼ ደብተር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ ነው። እዚህ አብዛኛው ወሬ የእግር ኳስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፒንግፖንግ የሚከታተል ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

የ13 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ጨዋታውን የጀመረው ሰፈራችን ከጆተኒው ጎን በቆመች አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነው። መረቧ ስለተቀደደ በቦታው ጣውላ ቆሞበታል። የተሸነፈ ከፍሎ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቆያል። እሱ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ቦርሳውን ቤት ሳያስገባ እዚያው ይመሽበታል። እኔም ልጅ ሆኜ ተጫውቻለሁና አልቆጣውም። ማታ ኔትወርክ ሲሻል ትልልቆቹን ውድድሮች በስልኬ አብረን እናያለን።

የፈረንጆቹን 2025 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመከታተል ወስነን አንድ ደብተር ገዛን። ማን የት እንዳሸነፈ እሱ ይጽፋል። ከወንዶች ሲንጋፖር ላይ ሊን ሺዶንግ። ማካዎ ላይ በዓለም ዋንጫው ብራዚላዊው ሁጎ ካልዴራኖ። ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ዋንግ ቹቺን። ላስ ቬጋስም እሱ፤ ለዚያኛው ሌሊት እየተነሳን ነው ያየነው። ማልሞ ላይ ስዊድናዊው ትሩልስ ሞረጎርድ። ቤጂንግ ላይ ደግሞ ዋንግ ቹቺን።

አንድ ቀን የዓለም ደረጃውን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ሲያይ ቆየና «የፓሪስ ኦሎምፒክን ያሸነፈው ፋን ዠንዶንግ የት ገባ? ስሙ የለም እኮ» አለኝ። ተጎድቶ ይሆናል አልኩት። በኋላ ሳነብ ግን አንዱ ራሱ ነው የወጣው ይላል፣ ሌላው የቅጣት ገንዘብ ያወራል። ልጁን ከአፌ በወጣ ግምት መሸወድ አልፈልግም። ደግሞ አንድ ነገር አስጨንቆታል። «ትልቁ ሰውዬ ከሌለበት አንደኛው አንደኛ ነው ወይ?» ይለኛል። ምን ልበለው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ፍራንክፈርት ማታ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ጀርመን ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ሁሌ ረቡዕ ማታ ከሥራ ስወጣ የሰፈር ክለብ ገብቼ እጫወታለሁ። ለክለቡ ልጆች ራኬት ላይ ጎማ የምለጥፈውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ረዘም ቢል አትቀየሚኝ።

ከደረጃው ልጀምር። አሁን ከአገር አገር የሚዞረው የውድድሮች ዙር ደብሊው ቲ ቲ ይባላል። ውድድር ማካሄድ የጀመረው በ2021 ነው። ከእሱ በፊት ከ1996 ጀምሮ የዓለም ፌዴሬሽኑ ራሱ የሚመራው ዙር ነበር። በአዲሱ አሠራር ውድድሮቹ በክብደት ይለያያሉ። ግራንድ ስማሽ የሚባለውን፣ የዙሩን ትልቁን ውድድር ያሸነፈ 2000 ነጥብ ያገኛል። ቻምፒየንስ የሚባለው 1000፣ ስታር ኮንተንደር 600፣ ኮንተንደር 400 ነው። ኦሎምፒክና የዓለም ሻምፒዮና እንደ ግራንድ ስማሽ 2000 ናቸው። የተገኘ ነጥብ አንድ ዓመት ያገለግልና ይወርዳል። የሚደመሩት ደግሞ የተጫዋቹ ምርጥ 8 ውጤቶች ናቸው።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ደረጃው «ከሁሉም ማን ይበልጣል?» ብሎ አይጠይቅም። «ባለፉት 12 ወራት የት የት ተገኝተህ ምን አመጣህ?» ነው የሚለው። ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ የኦሎምፒክ ወርቅ አንገቱ ላይ ቢኖርም፣ ወር በመጣ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል።

ፋን ግን ነጥቡ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በ2024 ዲሴምበር 27 ዌይቦ በሚባለው የቻይናዎች ማኅበራዊ ገጽ ላይ ከደረጃው መውጣቱን ራሱ ጻፈ። ቼን መንግም በዚያው ቀን ወጣች። አስቢው፣ ሁለቱም የፓሪስ የነጠላ ባለወርቆች ናቸው። ምክንያቱ መገኘት ካለባቸው ውድድር ሲቀሩ ቅጣት መኖሩ ነው። ፋን ከኦሎምፒኩ በኋላ ተመልሶ ለመወዳደር መንፈሱ ዝግጁ አልነበረም። ሳይጫወት እየተቀጣ ከመቆየት መውጣትን መረጠ። እንግዲህ ከመዝገቡ ሲወጣ ስሙም ይጠፋል። ወንድምሽ ፈልጎ ያጣው ለዚህ ነው።

ጨዋታ ግን አልተወም። ለ2025/26 ዘመን ዛርብሩከን ለሚባል የጀርመን ጠረጴዛ ቴኒስ ቡንደስሊጋ ክለብ ፈረመ። ከተማዋ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ናት፤ ከእኔ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። እዚህ ውድድሩ የቡድን ነው። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ቡድን ይወስዳል፣ ሁለት ለሁለት ከሆነ በጥንድ ይለያል። ለዓለም ደረጃው ግን ነጥብ አይሰጥም። በ2025 ኖቬምበር በቻይና ብሔራዊ ጨዋታዎች የነጠላውን ወርቅ ወስዷል። ይኼም ነጥብ የለውም። ስለዚህ ለልጁ «ሰውዬው አለ፣ መዝገቡ የማይቆጥርበት ቦታ ነው ያለው» በይው።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ነገር ልምጣ። አንደኛው አንደኛ ነው ወይ? እኔ አዎ ነው የምለው። ዋንግ ቹቺን በ2025 የሠራውን ሥራ ማንም አልሰጠውም። ሊን ሺዶንግም በፌብሩዋሪ አንደኛ ሲሆን ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ያንን በላቡ ነው ያገኘው። ግን ደረጃ የዛሬ ማታውን ጨዋታ አይነግርሽም። ለዚህ ከዋንግ የራኬት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ፓሪስ 2024፣ ጁላይ 30። ዋንግ ከሱን ዪንግሻ ጋር በድብልቅ ጥንድ ወርቅ አገኘ። ፎቶ አንሺዎች ተጋፍተው ሲከቧቸው መሬት የነበረ ራኬቱ ተረገጠና ተሰበረ። በማግስቱ በመጠባበቂያው ተጫውቶ በ32ቱ ዙር 4 ለ 2 ተሸነፈ። ያሸነፈው ሞረጎርድ ነው፣ ያኔ በደረጃው 26ኛ የነበረ። ዋንግ ደግሞ አንደኛ ነበር።

ሰው «ራኬት ራኬት ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» ይላል። እኔ ጎማ ስለምለጥፍ ለውጡን በእጄ አውቀዋለሁ። ሁለት እንጨት ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም ተጽፎበት ይመጣል። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ግራሙ ይለያያል። ሙጫውን በስፖንጅ ስስ አድርጌ እቀባለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ጎማውን ከእጀታው በኩል ጀምሬ እያንከባለልኩ አሳርፋለሁ። ከዚያ ዳር ዳሩን በምላጭ እቆርጣለሁ። ተመሳሳይ ጎማ፣ ተመሳሳይ ሙጫ፣ አንድ ቀን ላይ። ኳሷን ሳነጥርባቸው አንዱ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ወፈር ያለ። የክለባችን የ12 ዓመት ልጅ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ይለያል። በቀን ስንት ሰዓት በአንዱ ራኬት የሚለማመድ ሰውማ ምን ያህል ይሰማው!

ከዚያ ጀምሮ ስለ ሞረጎርድ «ራኬት ስለተሰበረ ነው ያሸነፈው» ሲባል ሰማሁ። ያናድደኝ ነበር። ፓሪስ ላይ እስከ ፍጻሜ ሄዶ የተሸነፈው በፋን ነው። በ2021 ሂውስተን የዓለም ፍጻሜም ደርሷል፤ እዚያም ያሸነፈው ፋን ነበር። በ2025 ኦገስት ማልሞ ላይ፣ በሀገሩ ሕዝብ ፊት፣ ግራንድ ስማሽ ወሰደ። ከዚያ በፊት በወንዶች ነጠላ ከቻይና ውጭ ማንም አልወሰደውም። ያቺን ጎን ጎኗ የተቆረጠች፣ ክብ ያልሆነች ራኬቱን ይዞ። በጉዳዩ ላይ ወሬው እዚያ አበቃ ባይ ነኝ።

ወንድምሽን ወደፊት አዳራሽ ውስጥ እንዲያይ እመኝለታለሁ። እዚህ ፍራንክፈርት የቻምፒየንስ ውድድር ይደረጋል፤ ገብቼ አይቻለሁ። ስክሪን ላይ የማይታይ ነገር አለ። ተጫዋቹ ሰርቭ ከመምታቱ በፊት መዳፉን ከመረቡ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ይጠርጋል። እዚያች ጥግ ኳስ እምብዛም ስለማያርፍ ነው ላቡን እዚያ የሚተወው። ፎጣ በየስድስት ነጥቡ ነው የሚፈቀደው። ስድስተኛው ነጥብ ሲደርስ ሁለቱም ወደ ፎጣቸው ሲሄዱ የፊታቸውን ድካም ታያለሽ። በዓመት ውስጥ ከእስያ ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ፣ ተመልሶ ቻይና። የፋን ውሳኔ የገባኝ ያን ፊት በቅርብ ካየሁ በኋላ ነው።

መልስ፦ ዱባይ ዝግጅት

ወንድሜ ፍራንክፈርት፣ ትምህርት ነው የሰጠኸን። በአንዱ ነገር ግን አልስማማም። እኔ የምኖረው በዝግጅት ሥራ ነው። እንግዳው ይመጣል ብለህ አዳራሽ ትከራያለህ፣ መብራት ታቆማለህ፣ ትኬት ትሸጣለህ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ዋናው ሰው ቀረ ሲሉህ ልጁን ይዞ ከሩቅ የመጣ አባት ፊት የምትቆመው አንተ ነህ። ይኼ ደርሶብኛል። ለዚህ ቅጣት ጨርሶ አይኑር ማለት ይከብደኛል። ይልቅ ኦሎምፒክ ባለበት ዓመት የውድድሩ ቁጥር ይቀነስ። ተጫዋች ደክሞኛል ሲል በክብር የሚያርፍበት ጊዜ ይሰጠው። ያኔ የቀረ ቢቀጣ ማንም አያማርርም።

መልስ፦ እናትና ራኬት

ስለ ሴቶቹ ማንም ሳያነሳ ወሬው ሊያልቅ ነው። እህቴ፣ ደብተራችሁ ላይ ዙ ዩሊንግ አለች? ከሌለች ዛሬውኑ ጻፏት። ድሮ ለቻይና ተጫውታ የዓለም ዋንጫ ያነሳች ናት። ሕመም ከመድረክ አራቃት፣ ትምህርቷን ገፋች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አስተማረች። ከዓመታት በኋላ ለማካዎ ተሰልፋ ተመለሰች። በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ፣ በ30 ዓመቷ፣ ግራንድ ስማሹን ወሰደች። ፍጻሜው ላይ ቼን ዪን 4 ለ 2 ነው ያሸነፈቻት። እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ ወደ ጨዋታ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

የዶሃውን የሱን ዪንግሻና የዋንግ ማንዩን ፍጻሜም ፈልጋችሁ እዩት። 4 ለ 3 ነው ያለቀው። ሱን ወሰደችው እንጂ ለማንኛቸውም ቢሆን አይቆጭም ነበር።

መልስ፦ ደርባን አይቻለሁ

ልጁ የራሳችንን አህጉር ሰዎችም ይወቅ። ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና በ2016 ሪዮ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ግብፃዊው ኦማር አሳር ፓሪስ ላይ ሩብ ፍጻሜ ገብቶ በዚሁ በሞረጎርድ ነው የወጣው። ሌጎስ የኮንተንደር ውድድር ታስተናግዳለች።

የፋን ነገር ከእኛ ጋርም ይገናኛል። በ2023 የዓለም ሻምፒዮናው ደርባን ላይ ነበር። በ1939 ካይሮ ካስተናገደች በኋላ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ፍጻሜው ላይ ፋን ዋንግ ቹቺንን 4 ለ 2 አሸነፈ። ደቡብ አፍሪካ ነው የምኖረው፤ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አይቻለሁ። ኳሷ ከጠረጴዛው ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጠያቂ፦ የታናሼ ደብተር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የራኬቱ ታሪክ ላይ ሲደርስ አስቆመኝና ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ከዚያ የራሱን ራኬት ከቦርሳው አውጥቶ ኳስ እያነጠረበት ድምፁን ሲሰማ ቆየ። ጎማው ጫፉ ላይ ተልጧል። ፍራንክፈርት ወንድሜ፣ በየትኛው ሙጫ እንደሚለጠፍ ብትነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው። እዚህ ያለው የጫማ ሙጫ ነው፣ ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ።

ደብተሩን ደግሞ አስተካክሎታል። ከደረጃው ገጽ ጀርባ ሌላ ገጽ ከፍቶ «ያልተቆጠሩ» ብሎ ጻፈበት። አንደኛው ላይ ፋን ዠንዶንግ አለ፣ ሁለተኛው ላይ ቼን መንግ። ዙ ዩሊንግን ከፊተኛው ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አስገብቷታል።

መልስ፦ ፍራንክፈርት ማታ

የጫማ ሙጫ በፍጹም እንዳትነኪ፤ ስፖንጁን ይበላዋል። የራኬት ሙጫ የሚባል በውሃ የተሠራ ነጭ ፈሳሽ አለ፣ ሲደርቅ መስታወት ይመስላል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የክለባችን ሰው በመጪው ወር አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አንድ ብልቃጥና ሁለት ጎማ እልክለታለሁ። ጎማው ቀይና ጥቁር ይሁን ወይስ ሰማያዊና ጥቁር? አሁን በሌላ ቀለምም ስለሚፈቀድ ልጁን ጠይቂው።