«ባህላቸው ነው» አሉኝ፤ እውነት ነው?

ሕይወት (ኦታዋ)፦
ሰላም ወገኖቼ። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። ከኑናቩት (ከካናዳ ሰሜናዊ ግዛት) የመጡ፣ ከአርክቲክ ነባር ሕዝብ ከኢኑይት የሆኑ አባት አሉን፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ አዳኝ ነበሩ። ሰሞኑን ምግብ ይመልሳሉ። ትናንት ሳጥባቸው «ለማንም አልጠቅምም፣ ብሄድ ይሻላል» አሉኝ። ለባልደረባዬ ብነግራት «ሽማግሌ ሲደክም ራሱን ማጥፋት ባህላቸው ነው፣ ተያቸው» አለችኝ። ሊዋጥልኝ አልቻለም። ምን ላድርግ?

አስቴር (ነርስ፣ ከኑናቩት ዋና ከተማ ኢቃሉይት)፦
ሕይወትዬ፣ መጀመሪያ አሁኑኑ ለተረኛዋ ነርስ ንገሪ፤ ያሉትን ቃል በቃል አስመዝግቢ። «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባቸውም። በቋንቋቸው በኢኑክቲቱት፣ በአስተርጓሚ ይጠየቁ። የልጅ ልጃቸው ግን አያስተርጉም፤ አባት ለልጅ የማይነግረው አለ።

«ባህላቸው ነው» የሚለውን አትቀበይ! በረሃብ ዘመን አልፎ አልፎ የሆነ ነገር ተጋኖ የቀረ ወሬ ነው። እዚህ ራስን ማጥፋት የበዛው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው፤ ያውም በወጣቱ ላይ። አዛውንቶቹ የልጅ ልጆቻቸውን ቀባሪ ሆነዋል፤ ያ ሐዘን ራሱ ሰው ይሰብራል።

ዕድሜያቸውንም አስቢ። በ1950ዎቹ የሳምባ ነቀርሳ የያዘውን መርከብ እየመጣ ወደ ደቡብ ሆስፒታል ይወስደው ነበር። ብዙዎች እዚያው ሞቱ፤ ቤተሰብ መቃብራቸውን እንኳ ሳያውቅ ኖረ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው። ልጆችም አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቋንቋቸውን ተከልክለዋል። አሁን ደግሞ ኑናቩት በቂ መጦሪያ ስለሌላት ሽማግሌዎቿ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው እናንተ ጋ ይላካሉ። ሥጋ አድኖ ለጎረቤት ሲያካፍል የኖረ ሰው፣ የሚያካፍለው ሲያጣ «አልጠቅምም» ቢል አይገርምም። ስለ አደኑ ጠይቂያቸው፤ ምክራቸውን የሚሹ የልጅ ልጆች በቪዲዮ ይደውሉላቸው።

ዳዊት (የሎውናይፍ)፦
አስቴር እውነቷን ነው። ምግቡንም አትናቁት። እኛ ጥሬ ሥጋ ለምደን፣ እሳቸው የካሪቡ (የሰሜኑ አጋዘን) ጥሬ ሥጋ ቢናፍቃቸው አይፈረድባቸውም። እኔ በምሠራበት ቤት አስፈቅደን እናቀርባለን። ኦታዋ ያለው፣ ኢኑይትን የሚረዳው ቱንጋሱቪንጋት ኢኑይት የሚባለው ድርጅት ጋ ደውይ። ሌሊት ቢከፋባቸው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት የሚረዳው የካናዳ የስልክ መስመር 988 ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ይሠራል፤ ለአንቺም ጭምር።

ሕይወት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለነርሷ ነግሬያለሁ፤ ዛሬ ሰው አብሯቸው ያድራል፣ አስተርጓሚም ለነገ ጠዋት ተቀጥሯል። ወጥ ቤቱ ግን ካሪቡውን «ያልተመረመረ ሥጋ» ብሎ እምቢ አለ። ዳዊት፣ እናንተ ፈቃዱን ከማን አገኛችሁ?