አባዬ “ቅባትና ጨው ይቀንሱ” ተብሏል፤ እማዬ ደግሞ ዘይቱን አልቀንስም ብላለች

ጥያቄ (የአባቷ ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሶፋው አይነሳም። ባለፈው ሳምንት ስናስመረምረው ግፊቱ 150 በ95፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ደግሞ 168 ሆነ። ልቡ ለጊዜው ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን አዘዘለትና “ቅባትና ጨው ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ” ብሎ ሸኘን። ምኑን፣ ምን ያህል? አልነገረንም።
ቤት ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት። እማዬ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ነው የምታንቆረቁረው። “ጾም ነው፣ ቅቤ የለበት፣ ምን አስፈራችሁ?” ትላለች። አባዬም ጾሙን አይተውም። ከየት ልጀምር?

የጓዳ ሰው፦
እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር ስለ ዘይት አትከራከሪ። ትሸነፊያለሽ። አንድ ቀን “ዛሬ እኔ ልሥራ” በያትና ድስቱን ተረከቢ።
ሽንኩርቱን በጣም አድቅቀሽ ደረቅ ድስት ላይ ጣጂው። ዘይት የለም። ራሱ ውሃ ያወጣል። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጊና አማስይ። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሺው፤ መልኩ ወደ ቡናማ ሲሄድ በርበሬውን ጨምረሽ አሁንም ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላዪ። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም በማንኪያ ተለክቶ። እኔ ለስድስት ሰው ድስት አራት የሾርባ ማንኪያ ነው የማደርገው። የድሮ ሴቶች እንዲህ ነበር የሚያቁላሉት። ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ።
ብርድ ሲሆን የሚረጋውን የፓልም ዘይት ተዉት። ቅባቱ ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ነው። ኑግ ወይም ሱፍ ይሻላል። ግን ኑግ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳታንቆረቁሩት።
ጾሙ እኮ ዘይት የማይነካው ምግብ ሞልቶታል! ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ አዚፋ፣ ንፍሮ፣ በሶ። እኛ ነን ጾሙን በቅባት የሞላነው።

ማርና ዝንጅብል፦
ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ሽፈራው ሻይ ማታ። ክኒኑን ይተወው፣ አንዴ ከጀመሩት አይለቅም።

ነርሷ፦
ማርና ዝንጅብል፣ በእህትነት ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል። ነጭ ሽንኩርቱን ይብላ፣ ክኒኑን ግን ማንም እንዳይነካበት። ግፊቱ ሲወርድ “ድኛለሁ” ብለው አቁመው፣ ከወራት በኋላ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ የሚመጡ አባቶች ብዙ አይቻለሁ። የወረደው ስለሚውጠው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ቢያብጥ ለሐኪሙ ይንገር፤ አምሎዲፒን አንዳንዴ ያሳብጣል፣ መፍትሔ አለው። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነም ጾሙ አያስቸግርም። ሐኪሙን ጠይቃችሁ ማታ ማድረግ ይቻላል፤ ዋናው ሰዓቱ አለመዛነፉ ነው።
ጨው ለቀኑ በሙሉ ከ5 ግራም አይበልጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ዳቦውም፣ በርበሬውም፣ ሚጥሚጣውም ከዚያው ይቆጠራል። ሽሮ ሲፈጭ ጨው ተቀላቅሎበት ከሆነ ደግሞ ድስት ላይ እንደገና መጨመር ምን ይባላል? ኩብ ማጣፈጫም ያው ጨው ነው።
ሲራመድ ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ወደ ግራ እጁ ወይም መንጋጋው ከሄደ፣ ካላበው፣ “ጨጓራ ነው” ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ወዲያው ሐኪም ቤት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጨዌ፦
ቡናውን በጨው ከሆነ የሚጠጣው እሱንም ቁጠሩት። የኔ አባት እዚያ ላይ ነው የተያዘው።

የጠዋት ሯጭ፦
ስለ እንቅስቃሴው እኔ ልበል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ከወጣቶቹ ጋር እንዳታሰልፉት፤ እንጦጦም ገና ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ሜዳ ላይ በ10 ደቂቃ ይጀምር። እየተራመደ ማውራት ከቻለ ልኩ ነው፤ ትንፋሽ አጥሮት ማውራት ካቃተው ይቀንስ። ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይድረስ።
እኔ አባቴን “ስፖርት” ብዬ አላስነሳሁትም፣ ይስቅብኝ ነበር። ዳቦ የሚገዛበትን ሱቅ ቀየርኩበት። “የዚያኛው ሰፈር ዳቦ ይሻላል” አልኩት። ይኸው ዓመት ሆነው፣ ደርሶ መልስ 35 ደቂቃ። ስግደትም አንድ እንቅስቃሴ ነው፣ የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ሲነሳ ቀስ ይበል፤ ያዞራል።

የአባቷ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሁድ ምስር ወጥ ሠራሁ። እማዬ የጓዳው በር ላይ ቆማ “አረረ! አረረ!” ስትለኝ ነበር። አባዬ በላና “ማነው የሠራው?” አለ። “ምነው?” ስለው “ትንሽ ጨመር አድርጊልኝ” አለ። እማዬ ዝም። ማግስቱን ግን ማንኪያ ጀሪካኑ ጎን ተቀምጦ አገኘሁ። ሽሮውም ጨው ነበረበት፣ ለካ ራሷ ናት ስታስፈጭ የጨመረችው።
የዳቦውን ዘዴ ነገ እሞክራለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለፋሲካ ዶሮ ወጡን ምን ላድርገው?

የጓዳ ሰው፦
ዶሮው አያስፈራም፣ ቆዳው ድሮም ተገፎ ነው የሚገባው። ቅቤውን በማንኪያ ለኪው። እኔ የምፈራልሽ ማግስቱን ነው፣ ዘመድ ቤት ሲዞር “በሞቴ፣ ይችን ብቻ” እየተባለ የሚጎርሰውን ቁርጥ። አብረሽው ሂጂ።