በዩክሬን ጦርነት ላይ ኬንያ፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ ለምን ሦስት የተለያየ አቋም ያዙ?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እኛ የዓድዋን ድል በምናከብርበት ዕለት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ጦሯን ከዩክሬን እንድታስወጣ የሚጠይቀውን ውሳኔ በ141 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ35 ድምፀ ተአቅቦ አጽድቋል። ኬንያ ደገፈችው፤ ኤርትራ ከሩሲያ፣ ከቤላሩስ፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሶሪያ ጋር ሆና ተቃወመችው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። ሦስቱም በአንድ ቀጣና የሚገኙ፣ የስንዴና የነዳጅ ዋጋ መናር የሚጎዳቸው አገሮች ናቸው። ልዩነቱን በወቅታዊ ጥቅም ብቻ ማስረዳት ይቻላል? ወይስ እያንዳንዱ አገር የኃያላኑን ፉክክር የሚመዝነው በራሱ ታሪክ ነው? በማስረጃ ለምታስረዱኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መላሽ፦ የታሪክ መምህር

ከኬንያ ልጀምር፤ የእሷ አቋም ለማስረዳት አይከብድምና። ወረራው ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በጸጥታው ምክር ቤት ያደረጉት ንግግር የአፍሪካ ድንበሮች በለንደን፣ በፓሪስና በሊዝበን የተሰመሩ ቢሆኑም ወገን ከወገን ለማገናኘት ሲባል በኃይል ይቀየሩ ቢባል አህጉሩ ከጦርነት እንደማይወጣ የሚያስረዳ ነበር። ብዙዎች ንግግሩን እንደ መልካም ፍልስፍና አደነቁት እንጂ ከበስተጀርባው ያለውን የኬንያን የራሷን ሥጋት አላዩትም። ሶማሊያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የሰሜን ምሥራቅ ኬንያን ግዛት ትጠይቅ ነበር፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 «ሺፍታ» የተባለው ጦርነት ተካሂዷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ነባሮቹ ድንበሮች እንዲከበሩ ሲወስን ኬንያ ከልቧ የደገፈችው ስለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የኢትዮጵያ ነገር ነው። በመርሕ ቢሆን ኖሮ ከኬንያ ጎን መቆም ነበረባት፤ የካይሮውን ውሳኔ አጥብቀው ከደገፉት አንዷ ናት፤ ቋንቋና ዘር የሚጋራ ሕዝብን ወደ አንድ ለማምጣት በሚል ምክንያት በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ የተወረረችውም እሷው ናት። ነገር ግን የዚያ ጦርነት ትውስታ መርሑን ሳይሆን ማን እንደደረሰልን ይዞ ቀረ። አሜሪካ ወታደራዊ እርዳታዋን በቀነሰችበት ጊዜ ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ አራገፉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮችም ከእኛ ጋር ተዋግተው ካራማራ ነጻ ወጣ። ሶማሊያ የወረረችበት ታንክ ራሱ ከሞስኮ የተገኘ መሆኑ ግን በሕዝቡ ትውስታ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ የለውም።

በ1928 ዓ.ም. የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ሲሉ ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ እንዳደረጉ፣ የስዊዝን ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደተዉ ሁላችንም ተምረናል። ሶቪየት ኅብረት በዚያው ጦርነት ወቅት ለጣሊያን ነዳጅ መሸጧን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስለ ኤርትራ ደግሞ ታሪክን ብቻ ይዞ የሚተነብይ ሰው ፈጽሞ ይሳሳታል። የኤርትራ ታጋዮች በሶቪየት አውሮፕላን የተደበደቡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የጸጥታው ምክር ቤት ኤርትራ ላይ ማዕቀብ ሲጥልም ሩሲያ የድጋፍ ድምፅ ሰጥታለች። የአሥመራ መንግሥት በ2022 የመረጠው ሌላኛውን ገጽ ነው፦ በ1950 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀልን፣ በ1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ዓለም ዝም ማለቱን፣ በዚህ ሁሉ ውስጥም የአሜሪካን እጅ። ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ታሪክ ብዙ ገጾች ያቀርባል፤ የትኛው ገጽ እንደሚነበብ የሚወስነው ግን በወቅቱ ሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ነው የሚል ነው።

መላሽ፦ ከዋርሶ

የመምህሩን ሐሳብ ከምኖርበት አገር አንጻር ላጠናክር። ለፖላንዶች ሞስኮ ማለት መስከረም 17 ቀን 1939 (እ.ኤ.አ.) ከምሥራቅ የገባው ጦርና በካትይን ደን የተረሸኑት መኮንኖች ናቸው፤ እኔ ስለ ካራማራ ስነግራቸው በትሕትና ያዳምጡኛል እንጂ ያው መንግሥት አንድን አገር አዳነ ሲባል ለመቀበል ይቸግራቸዋል። በእኛ በኩልም አንድ ጉድለት አለ። ያን ጊዜ የደረሰልን ሶቪየት ኅብረት ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ሙሉ በሙሉ ለሩሲያ ሰጥተነዋል፤ ዩክሬንም የዚያው ኅብረት አካል ነበረች። መሣሪያውን ካጓጓዙት አውሮፕላኖች መካከል የነበሩት አንቶኖቮች የተነደፉት ኪየቭ ውስጥ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም በኪየቭ፣ በካርኪቭና በኦዴሳ ተምረዋል።

መላሽ፦ አንባቢ

«የአገር አመለካከት» ስትሉ አገሩ አንድ አመለካከት ያለው አስመስላችሁታል። ድምፁ በተሰጠበት ወቅት የሰሜኑ ጦርነት ገና አልቆመም ነበር። ሩሲያና ቻይና በጸጥታው ምክር ቤት ጠንከር ያለ እርምጃ እንዳይወሰድ መከላከላቸው አዲስ አበባ ላይ ለሉዓላዊነት እንደ መቆም ተቆጥሯል፤ ለብዙ የትግራይ ተወላጆች ግን የእርዳታ ጥሪያቸው የታፈነበት በር ነበር። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የሚያዩትም አንድን ምክር ቤት ነው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው አስተያየት በጥያቄዬ ውስጥ ያላሰብኩት ነው። መምህር፣ ሕንድንስ እንዴት ያዩዋታል? እሷ ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች።

መላሽ፦ የታሪክ መምህር

የአንባቢን እርማት እቀበላለሁ፤ «መንግሥት ይመርጣል» ያልኩትን ያጠብቀዋል። ሕንድን በተመለከተ ዴልሂ የምታስታውሰው እ.ኤ.አ. 1971ን ነው፦ በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት አሜሪካ ኢንተርፕራይዝ የተባለችውን የጦር መርከብ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ስትልክ፣ ሞስኮ በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቅማ ሕንድን ተከላክላለች። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስባት ቻይና ናት፤ ሩሲያን ካገለለች ሞስኮ ሙሉ በሙሉ በቤጂንግ እጅ እንዳትወድቅ ትሰጋለች።

ሌላው ሳይነሳ ማለፍ የሌለበት፣ ኃያላኑ ራሳቸው ቦታ መቀያየራቸው ነው። የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ዩክሬንና አውሮፓውያን ያቀረቡትን ውሳኔ በ93 ድጋፍ፣ በ18 ተቃውሞና በ65 ድምፀ ተአቅቦ ሲያጸድቅ አሜሪካ ከሩሲያ ጋር ሆና ተቃውማለች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የአፍሪካ መንግሥታት ከምዕራቡ ጎን እንዲሰለፉ የወተወተችው ይህችው አሜሪካ ነበረች።