ከነፕላስቲኩ የተተከለውን ችግኝ አሁን ላውጣው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ችግኝ የምታውቁ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ።

አቃቂ አካባቢ ያለችውን የሰፈራችንን ፓርክ የምንንከባከበው እኛው ነን፤ 11 በጎ ፈቃደኞች። ሐምሌ ላይ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ተክለን ነበር። እስከ ጥቅምት አማረልን። አሁን ታኅሣሥ ላይ ግን የወይራው ቅጠል ከጫፉ እየደረቀ መርገፍ ጀመረ።

ቅዳሜ አንዱን የሞተ ነቅዬ ሳየው ክው አልኩ። ጥቁሩ ፕላስቲክ አልወለቀለትም! ሥሩ እዚያው ውስጥ እንደ ክር ተጠምጥሟል። የተከላው ቀን ሰው በዝቶ፣ ዝናቡም እያጣደፈን ነበር። ስንቱ እንዲህ እንደተቀበረ አላውቅም። በጣም አዝኛለሁ።

አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ደፍነን ግርጌው ላይ ደረቅ ሣር አልብሰናል። በሳምንት ሁለቴ በጀሪካን እናጠጣለን።

በሕይወት ያሉትን አሁን በበጋው ቆፍሬ ፕላስቲኩን ልቅደድላቸው ወይስ እስከ ሰኔ ልታገስ? ብነካቸው ሥራቸው ይበጠሳል፣ ብተዋቸው ታፍነው ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ፣ በየት በኩል እንደቀደዳችሁት ጭምር ንገሩኝ። እሁድ ጠዋት አካፋ ይዘን እንገናኛለን።