«ብሔራዊ ማንነት» ሲባል የትኛው ብሔር ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሬዲዮ ላይ ስለ አንድ የአገራችን ፊልም ሲወራ «ፊልሙ ብሔራዊ ማንነትን ይፈትሻል» ተባለ። አባቴ «ስለ ኢትዮጵያዊነት ነው» አለ። እህቴ ደግሞ «የለም፣ ስለ ብሔር ነው» አለች። ማን ልክ ነው?

የዜማ ቤት፦ አባትሽ። በግእዝ ብሔር አገር ነው፣ ምድር ነው። ብሔረ ሕያዋን ቦታ እንጂ ሕዝብ አይደለም። እግዚአብሔርም የዓለም ጌታ ማለት ነው።

ቀለም ቀንድ፦ እኔ ከ«ባሕር» ጋር አንድ ሥር ነው እላለሁ። ፊደሎቹን እዩአቸው፤ ብ፣ ሕ፣ ር። ባሕረ ነጋሽስ የሚገዛው ምድር አልነበረም?

የዜማ ቤት፦ ፊደል ስለገጠመ ሥር አይሆንም ወንድሜ። ወደ ቀይ ባሕር ያለውን አገር ስለሚገዛ ነው። ቅኔ ቤት ይህን ብትል መምህሩ አይለቁህም!

የያኔው ተማሪ፦ ልጆች፣ ሥሩን ተዉትና ዘመኑን እዩ። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔርን በቋንቋ፣ በመሬት፣ በኢኮኖሚ ኑሮና በሥነ ልቦና ፈታው። ዋለልኝ መኮንን በ1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ሲያነሳ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ያንን ወደ አማርኛ ስናመጣ «ብሔር» የአገር ክፋይ ሆነ። «ብሔራዊ ባንክ» ግን የመላው አገር እንደሆነ ቀረ። ግራ መጋባቱ ከዚህ ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ደግሞ አንብቡ። ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ለሦስቱም አንድ ፍቺ ነው የተሰጣቸው። ቋንቋው አለ፣ ሥነ ልቦናው አለ፣ የኢኮኖሚ ኑሮው ግን የለም። ለማርክሲስት ያለ እሱ ምን ቀረ? እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የዜማ ቤት፦ ጋሼ፣ ስለ ዘመኑ እርስዎ ያውቃሉ። «ብሔረሰብ» ግን ሰዋስው ያፈርሳል። ሰብአ ሰገል የሰገል ሰዎች ናቸው። ብሔረ ሰብእ እንግዲህ «የሰው አገር» ይሆናል። «የአገር ሰው» ለማለት ሰብአ ብሔር መባል ነበረበት።

የያኔው ተማሪ፦ ቃሉ ሕዝብ አፍ ገብቷል፣ ማን ይመልሰዋል? «ኅብረተሰብ»ንስ ልታፈርሰው ነው?

የዜማ ቤት፦ እሱማ ደህና ነው። የሰው ኅብረት።

ቀለም ቀንድ፦ የሁለቱም «እ» የት ገባች ታዲያ?

ጠያቂዋ፦ ይቅርታ፣ ፊልሙስ? እህቴ መልስ እየጠበቀች ነው።

የዜማ ቤት፦ «እ» አማርኛ ውስጥ ትወድቃለች። «ሰብእና» ላይ ግን አለች፤ እስቲ እሱን እንየው።